የአማርኛ ርዕስ ሲዘጋጅ የፊደላትን ርቀት ማስተካከል፦ ከ«ታላ» ጉድጓድ እስከ «ዚቃ» ግጭት

«ታላቅ የሙዚቃ ምሽት» ብለው በ90 ፖይንት ይጻፉና ከስክሪኑ ራቅ ብለው ይመልከቱት። በ«ታ» እና በ«ላ» መካከል ከታች በኩል ባዶ ጉድጓድ ይታያል። «ዚ» እና «ቃ» ደግሞ እግር ለእግር ሊረጋገጡ ምንም አልቀራቸውም። ሶፍትዌሩ ግን በሁለቱም ቦታ ትክክለኛውን ርቀት ትቻለሁ ባይ ነው፤ የሚያውቀው የፊደሉን ሳጥን እንጂ ቅርጹን አይደለምና።

እያንዳንዱ ዲጂታል ፊደል በማይታይ ሳጥን ውስጥ ተቀምጧል። የፎንቱ ነዳፊ ከግራና ከቀኝ ትንሽ ባዶ ቦታ ይተውለታል፤ ጽሑፍ ሲጻፍ ሳጥን ከሳጥን ይገጥማል። በእርሳስ ፊደል ዘመንም ነገሩ ይኸው ነበር። ፊደል ለቃሚው የሚደረድረው ብረት የራሱ ወርድ ስላለው፣ ለማራራቅ ስስ ነገር በመሃል ማስገባት ይበቃ ነበር፤ ለማቀራረብ ግን ብረቱን መሞረድ ያስፈልጋል። ዛሬ ሁለቱም በቀስት ቁልፍ ይሠራሉ።

መሣሪያዎቹ ሁለት ናቸው። ኬርኒንግ የሁለት ጎረቤታም ፊደላትን ርቀት ብቻ ይለውጣል። ትራኪንግ የተመረጠውን ጽሑፍ በሙሉ እኩል ያጠባል ወይም ያሰፋል። የሁለቱም መለኪያ በአዶቤ ኩባንያ የዲዛይን ሶፍትዌሮች፣ በኢንዲዛይን፣ በኢሉስትሬተርና በፎቶሾፕ፣ የኢም አንድ ሺህኛ ነው። አንድ ኢም ማለት የፊደሉ መጠን ራሱ ነው፦ በ72 ፖይንት ጽሑፍ 20 ማለት 1.44 ፖይንት፣ ማለትም ግማሽ ሚሊሜትር ገደማ ይሆናል። ኢሙ 30 ሴንቲሜትር በሆነ ባነር ላይ ግን ያው 20 ሙሉ 6 ሚሊሜትር ነው። ስለዚህ በስክሪን ላይ «ኧረ ይሁን» ተብሎ የታለፈ ክፍተት መንገድ ዳር ሲሰቀል አፍጥጦ ይታያል።

መጀመሪያ እግሩን ማየት

ስለ ኬርኒንግ በሌላ ቋንቋ የተጻፉ ትምህርቶች በአብዛኛው የሚያስተምሩት ስለ ላቲን ፊደላት ነው፤ እነዚያ ዘንበል ያሉ ወይም አናታቸው የሰፋ ትልልቅ ፊደላት ጎን ለጎን ሲመጡ ስለሚፈጠረው ክፍተት። ያን ልማድ ይዞ ወደ ግዕዝ ፊደል የመጣ ሰው ችግሩን በተሳሳተ ቦታ ይፈልጋል። የኛ ፊደል ችግር በአብዛኛው እግሩ ላይ ነው። ምክንያቱም አናባቢውን የምናመለክተው እግር በማሳጠር፣ በማጠፍ፣ በመቀጠል ወይም ቀለበት በማንጠልጠል ነው። አንዱ ፊደል ሰባት ዓይነት ጎን አለው ማለት ነው።

ፎንት ከፎንት ቢለያይም በጥቅሉ እንዲህ ነው።

ካዕብ ቅጥያውን በቀኝ ወገቡ ላይ ያወጣል፦ ቡ፣ ሉ፣ ሱ። ቅጥያዋ ትንሽ ብትሆንም የሳጥኑን ወርድ የምትወስነው እሷ ናት፤ ስለዚህ ከላይዋና ከሥሯ ባዶ ቦታ ይቀራል። «ሱቅ» የሚለውን ቃል በወፍራም ፎንት ሲጽፉ «ሱ» ብቻዋን የቆመች የምትመስለው ለዚህ ነው።

ሣልስ ቅጥያውን ወደ እግሩ ያወርዳል፦ ሊ፣ ቢ፣ ዚ፣ ሚ። ከላይ ባዶ፣ ከታች ሙሉ።

ራብዕ ሁለት መልክ አለው። ሁለት እግር ያላቸው ግራ እግራቸው ያጥራል፦ ላ፣ ባ፣ ሳ፣ ካ። አንድ እግር ያላቸው ደግሞ እግራቸውን ወደ ግራ ያጥፋሉ፦ ታ፣ ቃ። የመጀመሪያዎቹ በግራ በኩል ከሥራቸው ጉድጓድ ይተዋሉ፤ ሁለተኞቹ ግን ወደ ጎረቤታቸው እግር ይዘረጋሉ።

ኃምስ ቀኝ እግሩ ላይ ቀለበት ያንጠለጥላል፦ ሌ፣ ቤ፣ ቴ። ሳብዕ ደግሞ የራብዕ ተቃራኒ ነው፦ በቦ፣ በሶ፣ በኮ ቀኝ እግር አጭር ነው፤ ሞ የምትቆመው በግራ እግሯ ብቻ ነው። እንደ ቶ እና ኖ ያሉት ግን ቀለበታቸውን አናታቸው ላይ ያደርጋሉ።

ይህን ካወቁ ገና ሳይጽፉ የሚያስቸግረውን ጥንድ መለየት ይቻላል። ሣልስ ቀድሞ አንድ እግር ያለው ራብዕ ከተከተለው ግጭት አለ፦ ሙዚቃ፣ ሊቃውንት፣ የሚታይ። አንዱ ወደ ቀኝ ሌላው ወደ ግራ ስለሚዘረጋ መሬት ላይ ይገናኛሉ። በተቃራኒው እግሩ ወደ ቀኝ የማይዘረጋ ፊደል ቀድሞ ግራ እግሩ ያጠረ ከተከተለው ጉድጓድ አለ፦ «ታላቅ»፣ «አበባ»። ከሁሉም የሚከፋው «ሞተር» ነው። ሞ በስተቀኝ እግር የላትም፤ ተ ደግሞ በመሃል አንድ ዘንግ ብቻ አለው፤ በመካከላቸው ሌላ ፊደል የሚያስገባ የሚመስል ባዶ ቦታ ይተርፋል። የጋራዥና የመለዋወጫ ሱቅ ታፔላዎችን ልብ ብለው ቢያዩ «ሞ» እና «ተር» ተብሎ ለሁለት የተከፈለ ይመስላል።

ከመጀመርዎ በፊት

ጽሑፉ አልቆ፣ ታርሞ፣ ፎንቱና መጠኑ ተወስኖ መሆን አለበት። ኬርኒንግ የመጨረሻ ሥራ ነው፤ አንድ ፊደል ሲቀየር በግራና በቀኙ ያለው ልፋት ሁሉ ይጠፋል። ደንበኛ «ምሽት»ን ወደ «ድግስ» ሊቀይር እያሰበ ከሆነ ገና አይንኩት።

ቀጥሎ ጽሑፉ ዩኒኮድ (ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቁጥር የሚሰጥ የኮምፒውተሮች የጋራ ሥርዓት) መሆኑን ያረጋግጡ። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው ሦስተኛ እትም ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩት ፎንቶች የእኛን ፊደል የሚያስቀምጡት በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ ነበር፤ ያለው ቦታ ደግሞ ቢበዛ 256 ነው። 33ቱ ፊደል በሰባት ሲባዛ 231 ይሆናል፤ ዲቃላ ፊደላቱ፣ ቁጥሮቹና ሥርዓተ ነጥቡ ሲጨመሩ አይበቃም። ስለዚህ በአንዳንዶቹ አንድ ፊደል ከሁለት ቁራጭ ተገጣጥሞ ይሠራል። እንዲህ ያለ ጽሑፍ ላይ ትራኪንግ ቢጨምሩ ቅጥያው ከፊደሉ ተገንጥሎ ለብቻው ይቆማል። መለያው ቀላል ነው፦ ፎንቱን ወደ ኒያላ ወይም ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ይቀይሩ። ጽሑፉ የላቲን ትርምስ ከሆነ የቆየ ዓይነት ነውና መጀመሪያ ወደ ዩኒኮድ ይገለበጥ። ማተሚያ ቤቶች ውስጥ ያሉ የድሮ ፋይሎች ዛሬም ይህን ችግር ይዘው ይመጣሉ።

ሦስተኛው ጉዳይ ርዕሱ ከቦታው ሲበልጥ ፊደሉን ጎን ለጎን መጭመቅ ነው። አይጭመቁ። ቋሚ እግሮቹ ይቀጥናሉ፣ አግዳሚዎቹ እንደ ወፈሩ ይቀራሉ፤ ከዚያ በኋላ የሚደረግ የርቀት ማስተካከል የተበላሸ ቅርጽ ላይ የሚደረግ ነው። መጠኑን ይቀንሱ ወይም ርዕሱን ያሳጥሩ።

ፎንቱ የራሱ ኬርኒንግ አለው?

ጥሩ ፎንት ውስጥ «እነዚህ ሁለት ፊደላት ሲገናኙ ይህን ያህል ይቀራረቡ» የሚል ሰንጠረዥ ይኖራል። ብዙ የአማርኛ ፎንቶች ግን ሰንጠረዡ የላቸውም፤ ካላቸውም ለላቲኑ ክፍል ብቻ ነው። ነዳፊውን መውቀስ አይገባም፤ 231 ፊደል እርስ በርስ ሲጣመር ከ53,000 በላይ ጥንድ ይወጣል። (ነዳፊዎች ይህን የሚያቃልሉት እግራቸው የሚመሳሰሉትን በቡድን በመመደብ ነው።)

ለማወቅ «ታላ ሞተ አበባ» ብለው በትልቁ ይጻፉ። በኢንዲዛይን የኬርኒንግ ሳጥኑን ከ«ሜትሪክስ» (የፎንቱን ሰንጠረዥ ከሚጠቀመው ምርጫ) ወደ ዜሮ ይለውጡ፤ በሊብሬ ኦፊስ ራይተር በ«ፎርማት»፣ «ካራክተር»፣ «ፖዚሽን» ውስጥ ያለውን «ፔር ከርኒንግ» ምልክት ያንሱና ይመልሱ። ፊደላቱ ንቅንቅ ካላሉ ሰንጠረዥ የለም፤ ሥራው የእርስዎ ነው።

በአዶቤ ሶፍትዌሮች ሦስተኛ ምርጫም አለ፦ «ኦፕቲካል»። ይህ ሰንጠረዡን ትቶ የፊደላቱን ቅርጽ አይቶ ርቀቱን ራሱ ይገምታል። ለርዕስ፣ ፎንቱ ሰንጠረዥ ከሌለው፣ ከዚህ መነሳት ጊዜ ይቆጥባል። ለረጅም ጽሑፍ ግን «ሜትሪክስ»ን እመርጣለሁ፤ በትንሽ መጠን ነዳፊው የተወው ቦታ ከግምት ይሻላል።

ትራኪንግ ይቀድማል

አጠቃላዩን አየር ሳይወስኑ ጥንድ ለጥንድ መጀመር ሥራን ሁለት ጊዜ መሥራት ነው። ፎንቶች አብዛኛውን ጊዜ የሚነደፉት ለንባብ መጠን ነው፤ ስለዚህ በ60 እና በ90 ፖይንት ሲጻፉ የላሉ ይመስላሉ። ለትልቅ ርዕስ ከ-10 እስከ -20 ይሞክሩ። ለ7 ወይም ለ8 ፖይንት የፎቶ መግለጫ ተቃራኒውን ያድርጉ፤ ከ+10 እስከ +20 ቀለበቶቹና ቅጥያዎቹ እንዳይጣበቁ ይረዳል። ጥቁር መደብ ላይ በነጭ ለሚጻፍም ትንሽ መጨመር ያስፈልጋል፤ በተለይ ጋዜጣ ላይ ቀለም ወደ ነጩ ስለሚሰርግ።

በላቲን የተለመደውን ፊደላትን በጣም አራርቆ መጻፍ ለአማርኛ ሲያውሉ ይጠንቀቁ። ዘመናዊው አጻጻፍ በቃላት መካከል ሁለት ነጥብ (፡) መጠቀም ትቷል፤ ቃልን ከቃል የሚለየው ባዶ ቦታ ብቻ ነው። ትራኪንጉ 150 እና 200 ሲደርስ በፊደላት መካከል ያለው ቦታ ከቃላት መካከል ካለው ጋር መፎካከር ይጀምርና «ታላቅ የሙዚቃ ምሽት» አሥር የተበተኑ ፊደላት ይሆናል። ግድ ከሆነ የቃላቱን ክፍተትም አብረው ያስፉ፤ ወይም ለመጽሐፍ ሽፋንና ለሠርግ ጥሪ እንደሚደረገው ሁለት ነጥቡን ይመልሱት። ሁለት ነጥብ ሲኖር ሰፊ ትራኪንግ ያምራል እንጂ አያምታታም።

አሁን ጥንዶቹን

1. የእርምጃውን መጠን ያሳንሱ። ኢንዲዛይን ሲጫን በአንድ የቀስት ምት 20 ይንቀሳቀሳል፤ ይህ ብዙ ነው። «ፕሪፈረንስስ» ውስጥ «ዩኒትስ ኤንድ ኢንክሪመንትስ» የሚለውን ከፍተው ወደ 5 ያውርዱት።

2. ጠቋሚውን በሁለቱ ፊደላት መካከል ያስቀምጡ እንጂ ፊደሉን አይምረጡ። ኦልት ይዞ የግራ ቀስት ያቀራርባል፣ የቀኝ ቀስት ያራርቃል፤ በማክ በኦልት ፈንታ ኦፕሽን ነው። ካበላሹ ጽሑፉን መርጠው በኢንዲዛይን ኮንትሮል፣ ኦልትና ኪው አንድ ላይ ሲጫኑ የነበረው ኬርኒንግና ትራኪንግ ይጠፋል።

3. ከሁሉም የተጨናነቀውን ጥንድ ያግኙ። በእኛ ርዕስ «ዚቃ» ነው። እግሮቹ ስለሚገናኙ ከዚህ በላይ ሊቀራረቡ አይችሉም፤ እንዲያውም በወፍራም ፎንት +10 ወይም +15 ጨምረው ማላቀቅ ይኖርብዎታል። በእግሮቹ መካከል ያለው ቀጭን ነጭ መስመር ቢያንስ የፊደሉን ቀጭን መስመር ያህል ይሁን። የርዕሱ ሚዛን የሚለካው በዚህ ጥንድ ነው፤ ሌሎቹን ሁሉ ወደዚህ ያስተካክላሉ።

4. ወደ ጉድጓዱ ይሂዱ፦ «ታላ»። ከ-30 ጀምረው በ5 በ5 ይግፉ። ብዙ ጊዜ -40 እና -50 አካባቢ ይቀመጣል፤ የፎንቱ ጉዳይ ስለሆነ ቁጥሩን ሳይሆን ዓይንዎን ይመኑ። ገደቡ የ«ታ» አግዳሚ ክንፍ ነው፤ ከታች ጉድጓዱን ለመድፈን ሲገፉ ከላይ ክንፉ «ላ»ን እንዳይነካ። ጉድጓዱ ሙሉ በሙሉ አይጠፋም፣ መጥፋትም የለበትም። የሚፈለገው ከጎረቤቶቹ ጋር የሚመጣጠን ነጭ ነው።

5. የቀሩትን በሦስት በሦስት ይዩ። ጣትዎን ወይም ወረቀት አድርገው ከሦስት ፊደል በቀር ሌላውን ይሸፍኑ፦ ታላቅ፣ ከዚያ የሙዚ፣ ሙዚቃ፣ ከዚያ ምሽት። መሃለኛው ፊደል ወደ አንዱ ያዘነበለ መስሎ ከታየ ያንን ያርሙ። «ሽት» ትንሽ መቀራረብ ይወዳል፤ የ«ት» ዘንግ መሃል ላይ ስለሆነ ከሥሩ ባዶ ይተርፋል። «ላቅ»ን ብዙውን ጊዜ እንዳለ ይተውት።

6. ጽሑፉን ገልብጡት። ኢንዲዛይን ውስጥ ሳጥኑን 180 ዲግሪ ያዙሩ ወይም ያተሙትን ወረቀት ያዙሩ። ቃሉን ማንበብ ስለሚያቅት ዓይን ቅርጽና ነጭ ቦታ ብቻ ያያል፤ እግሮቹ ደግሞ አሁን ከላይ ናቸው። ለግዕዝ ፊደል ከዚህ የሚሻል መፈተሻ አላውቅም።

7. ባዶ ቦታውም ጥንድ ነው። ከ«ታላቅ» በኋላ ያለው ክፍተት ከ«የሙዚቃ» በኋላ ካለው የሚሰፋ ከመሰለ ጠቋሚውን ከቀጣዩ ቃል መጀመሪያ ፊደል ፊት አድርገው ያው የቀስት ቁልፍ ይጠቀሙ። በርዕስ መጠን የቃል ክፍተት ሁልጊዜ የበዛ ነው፤ ማጥበብ ያምርበታል።

ለአንድ ርዕስ ከሩብ ሰዓት በላይ አይቆዩበት። ዓይን ይደክማል፣ ሁሉም ነገር ጠማማ መምሰል ይጀምራል። ቡና ጠጥተው ይመለሱ።

ቁጥርና ነጥብ

«በ2017 ዓ.ም.» የሚለው ብቻውን ሦስት ወጥመድ አለው። ቁጥሩ ከሌላ ፎንት የመጣ ከሆነ «በ» እና «2» መካከል ምንም ሰንጠረዥ አይሠራም፤ ሰንጠረዡ የሚሠራው በአንድ ፎንት ውስጥ ብቻ ነው። በእጅ ያቀራርቡ፤ ካልሆነም የቁጥሩን መጠን ከፊደሉ ቁመት ጋር ያስማሙ። «1» ደግሞ በብዙ ፎንቶች ቁጥሮችን በዓምድ ለመደርደር እንዲመች ከሌሎቹ ቁጥሮች እኩል ወርድ ስለሚሰጣት ግራና ቀኟ ባዶ ነው። ሦስተኛው «ዓ.» ነው፤ ዓ ከሥሯ እግር ብቻ ስላላት ነጥቧ ሸሽታ ትታያለች፤ -30 ያህል ይሳቧት።

አራት ነጥብ (።) እና ነጠላ ሰረዝ (፣) ከቃሉ ጋር በጣም እንዳይጣበቁ፤ በቀለበት ከሚያልቅ ፊደል፣ ለምሳሌ ከ«ቤ» ወይም ከ«ሌ»፣ በኋላ ሲመጡ +10 ይጨምሩ። በርዕስ መጨረሻ ላይ አራት ነጥብ ባይኖር ይሻላል።

ዎርድና ስልክ ብቻ ላለው

በዎርድ ኮንትሮልና ዲ ተጭነው «አድቫንስድ» የሚለውን ይክፈቱ። «ስፔሲንግ» ውስጥ «ኤክስፓንድድ» ያሰፋል፣ «ኮንደንስድ» ያጠባል፤ ለአንድ ጥንድ ሲሆን የመጀመሪያውን ፊደል ብቻ ይምረጡ፤ ቦታው የሚጨመረው ከእሱ በኋላ ነው። ለ«ታላ» «ታ»ን መርጠው «ኮንደንስድ» ያድርጉ። መለኪያው ፖይንት ስለሆነ የፊደሉን መጠን ሲቀይሩ ቁጥሩ አብሮ አያድግም፤ እንደገና ማስተካከል አለብዎት። እዚያው ያለው «ከርኒንግ ፎር ፎንትስ» ምልክት ካልተደረገበት ፎንቱ ሰንጠረዥ ቢኖረውም ዎርድ አይጠቀምበትም።

አብዛኞቹ የስልክ ዲዛይን መተግበሪያዎች ለጠቅላላው ጽሑፍ የሚሆን አንድ ማንሸራተቻ ብቻ አላቸው። ያለው መላ ቃሉን ችግር ካለበት ቦታ ከፍሎ («ታ» እና «ላቅ») በሁለት የጽሑፍ ሳጥን አድርጎ በእጅ ማቀራረብ፣ ከዚያ በቡድን ማሰር ነው። አድካሚ ቢሆንም ለአንድ ፖስተር ይሠራል።

ድረ ገጽ ላይ

ለእንግሊዝኛ የተሠሩ ዝግጁ ገጽታዎች የሜኑ ጽሑፍን በትልልቅ ፊደል አድርገው ማራራቅ ይወዳሉ። አማርኛ ትልቅና ትንሽ ፊደል ስለሌለው የመጀመሪያው ትእዛዝ ምንም አይሠራም፤ የሚቀረው መበታተኑ ብቻ ነው። የአማርኛ ድረ ገጽ ሲሠሩ መጀመሪያ በገጹ ላይ የአማርኛን የቋንቋ ምልክት ያስገቡ፤ ቀጥሎ ለዚያ ቋንቋ «ሌተር ስፔሲንግ»ን ወደ መደበኛ የሚመልስ አንድ መስመር ሲ.ኤስ.ኤስ. (የድረ ገጽን መልክ የሚወስነው ቋንቋ) ይጻፉ። ለርዕስ ማጥበብ ከፈለጉ በፒክስል ሳይሆን በኢም ይስጡ፤ -0.01 ወይም -0.02 ይበቃል። ግን ትእዛዙን ራሱ ርዕሱ ላይ ያኑሩት፤ ከላይ ባለው ክፍል ላይ ከሰጡት ወደ ታች የሚወርሰው የተሰላው ቋሚ ርዝመት እንጂ ኢሙ አይደለም። ጥንድ ለጥንድ የተስተካከለ አርማ ወይም ትልቅ ርዕስ ሲሆን ደግሞ በኤስ.ቪ.ጂ. (ቢተልቅም የማይደበዝዝ የምስል ዓይነት) ምስልነት ማስገባቱ ይቀላል፤ የጽሑፍ መግለጫውን ግን አብሮ ማኖር አይረሳ።

የጋዜጣ አምድ

እዚህ የሚነካው ጥንድ ሳይሆን ደንብ ነው። የአማርኛ ቃል ረጅም ስለሆነ («እንዲያስተካክሉላቸው» ብቻውን ግማሽ አምድ ይበላል) በጠባብ አምድ ግራና ቀኙ እኩል ሲደረግ በመስመሩ ላይ ሦስት ቃል ብቻ ይቀርና በመካከላቸው እንደ ወንዝ ያለ ነጭ ክፍተት ይከፈታል። የኢንዲዛይን «ጀስቲፊኬሽን» መነሻ የቃል ክፍተቱን ከ80 እስከ 133 በመቶ ይፈቅዳል፤ የፊደል ክፍተቱን ግን ዜሮ ላይ ይቆልፈዋል። የፊደሉን ከ-1 እስከ +2 በመቶ ይክፈቱለት፤ ከዚያ በላይ ከሄደ አንዱ መስመር ጥቁር ሌላው ግራጫ ሆኖ ይታያል። ያም ካልበቃ በግራ ብቻ አሰልፈው ይተዉት።

ወደ ማተሚያ ቤት ከመላኩ በፊት

ርዕሱ መሃል ላይ የሚቀመጥ ከሆነ ትራኪንግ ከመጨረሻው ፊደል በኋላም ቦታ እንደሚጨምር ያስታውሱ፤ በሰፊ ትራኪንግ ጽሑፉ ወደ ግራ ያዘነብላል። የመጨረሻዋን «ት» ብቻዋን መርጠው ትራኪንጉን ዜሮ ያድርጉት።

በትክክለኛው መጠን፣ ለባነር ከሆነ ደግሞ ቢያንስ አንዱን ቃል፣ በወረቀት አትመው ግድግዳ ላይ ይለጥፉ። ሥራው በፕሎተር (በመቁረጫ ማሽን) ለሚቆረጥ ስቲከር ከሆነ «ዚቃ» ላይ የተዉትን ነጭ መስመር በሚሊሜትር ይለኩ፤ ከአንድ ሚሊሜትር በታች ከሆነ ትርፍ ስቲከሩ ሲላጥ የፊደሉ እግር አብሮ ሊነሳ ይችላል። ፊደላቱን ወደ ቅርጽ ሲቀይሩ የሚነካኩ እግሮች ካሉ መቁረጫው እርስ በርስ የተደራረቡትን መስመሮች ሁለቱንም ስለሚቆርጥ፣ ወይ ያላቅቋቸው ወይ አንድ ቅርጽ አድርገው ያዋህዷቸው። ከመቀየርዎ በፊት ጽሑፉ እንዳለ ያለበትን ፋይል በሌላ ስም ያስቀምጡ፤ ደንበኛው ቀኑን ወይም ስሙን ሊቀይር የሚደውለው ብዙውን ጊዜ ከዚህ በኋላ ነው።